ማህተሙ የመሥሪያ ቤቱ፣ ጽሑፉ የሌላ ሰው

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ወላይታ ሶዶ ነበርኩ። ከዳሞታ የወረደው ጉም ከተማውን ሸፍኖት፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ካፌ ውስጥ ተጠግተን ሻይ እንጠጣለን። እሷ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ስልኳን ሰጠችኝና «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ፣ እስኪ ይሄን ነገር እይልኝ» አለችኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው። የቅጥር ማስታወቂያውን ስትነካው ገጹ ለአፍታ ነጭ ይሆንና በእንግሊዝኛ ስልክ አሸንፈሻል የሚል ነገር ይመጣል። ደግማ ስትነካው የውርርድ ገጽ። በሦስተኛው ማስታወቂያው ራሱ ወጣ፤ ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር ሙሉ ይላል።

አጠገባችን የተቀመጠ ሰው «ኔትወርክ ነው» አለ። እኛ አገር ያልገባን ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው።

ኔትወርክ አልነበረም። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ አድራሻ ነው። ከአድራሻው አጠገብ ያቺ የቁልፍ ምልክትም አለች። ማታ ላይ እዚያው ሶዶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ የተመረቀ አንድ ወዳጄ የገጹን ምንጭ በላፕቶፑ ከፍቶ አሳየኝ። ይሄ ማንም ሰው በብሮውዘሩ ሊያየው የሚችል ነገር ነው፣ መስበር የለበትም። ከታች «የጎብኚዎች አስተያየት» የሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ከሁለት የምስጋና መልእክቶች መሐል፣ አስተያየት ያልሆነ አንድ መስመር ተቀምጧል። ስክሪን ላይ አይታይም። ብሮውዘሩ ግን ያነበዋል፤ ከማያውቁት አገር ሌላ ፕሮግራም አምጥቶ እንዲያስኬድ ያዘዋል። አስተያየት መስጫውን የሚሠራው ፕላጊን ከተጫነ ጀምሮ አልታደሰም።

ይህ ዓይነቱ ቀዳዳ ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ ይባላል፤ በአጭሩ ኤክስ ኤስ ኤስ። ታሪኩን ልንገራችሁ የፈለግኩት ለባለሙያዎች አይደለም፣ እነሱ ያውቁታል። ለእኔና ለእናንተ ነው፤ «ድረ ገጹ ላይ አየሁት እኮ» ብለን ለምናምን።

እንዲህ አስቡት። አንድ ቢሮ አለ እንበል። በሩ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ማንም የሚሰጠውን ወረቀት ይቀበላል፤ ሳያነበው ማህተም መትቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። አንዱ መጥቶ «ስለ መልካም አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ» ብሎ ይሰጣል፣ ይለጠፋል። ሌላው መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ክፍያ በዚህ ሒሳብ ቁጥር ይገባል» ብሎ ይሰጣል፣ ይሄም በማህተም ይለጠፋል። ባለጉዳዩ የሚያየው ማህተሙን ነው። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው በምን ያውቃል? የድረ ገጽ ማህተሙ አድራሻው ነው። ብሮውዘር የሚባለው ሎሌ ደግሞ ከዚያ አድራሻ የመጣውን ሁሉ የቤቱ ባለቤት ቃል አድርጎ ይወስደዋል።

የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. 1995 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ድረ ገጽ ማለት የሚነበብ ወረቀት ነበር። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ገጹ ራሱ እንዲንቀሳቀስ ፈለገና ብሬንደን አይክ የተባለ መሐንዲስ ጃቫስክሪፕትን በ10 ቀን ሠርቶ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መኖር ጀመረ፦ የሚነበብ ቃልና የሚፈጸም ትእዛዝ። ሁለቱም የሚጻፉት በአንድ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ የሚለያቸው ሁለት የማዕዘን ቅንፎች ብቻ ናቸው። እኛ አገር ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም ስለሆነ፣ ሲደርሰን ችግሩ ከነመድረሱ ነው የደረሰን።

በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት መሐንዲሶችና በአሜሪካ ሰርት የሚባለው የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ማዕከል ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጡ። ስሙም ያኔ ወጣለት። አስቂኙ ነገር ስሙ ራሱ ጥሩ ስም አለመሆኑ ነው፤ «ከገጽ ወደ ገጽ» የሚለው ነገር ዛሬ ብዙውን ጥቃት አይገልጸውም። ምሕፃሩም ቢሆን ሲኤስኤስ መሆን ሲገባው ያ ስም ገጽ ለማስዋቢያ ተወስዶ ስለነበር ኤክስ ተደረገለት። ማስጠንቀቂያው ሰሚ ያገኘው ግን ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

ሰሚ ያስገኘለት ሳሚ ካምካር የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ያኔ ፌስቡክ ገና የተማሪዎች ነገር ነበር፤ ዓለም የተሰበሰበው ማይስፔስ ላይ ነው። ማይስፔስ ሰዎች የራሳቸውን ገጽ እንዲያስጌጡ ይፈቅዳል፣ ትእዛዝ እንዳያስገቡ ግን በሩ ላይ ይፈትሻል። ፍተሻው «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል ካየ ይሰርዘዋል። ሳሚ ምን አደረገ? ቃሉን ለሁለት ሰብሮ በሁለት መስመር ጻፈው። ፈታሹ አላወቀውም፤ ብሮውዘሩ ግን ደግነቱ በዛና ሁለቱን ገጣጥሞ አነበበው። የሳሚን ገጽ ያየ ሁሉ ሳያውቅ ጓደኛው ይሆናል፤ ትእዛዙም በተመልካቹ ገጽ ላይ ይገለበጣል፤ ያንን ገጽ ያየ ደግሞ እንዲሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ለቀቀው። 20 ሰዓት ሳይሞላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ነካ፣ ማይስፔስም ለመዘጋት ተገደደ። ልጁ ገንዘብ አልወሰደም። ቢሆንም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ ለዓመታት ኮምፒውተር እንዳይነካ ገደብ ተጣለበት። ዛሬ በጸጥታ ምርምር የታወቀ ሰው ነው። ይህን ያነሳሁት ወደ በኋላ ስለ ሕግ የምለው ስላለኝ ነው።

አሁን ወደ ፕላጊን እንምጣ። ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተለቀቀ፤ በዓመቱ ደግሞ ፕላጊን መቀበል ጀመረ። ፕላጊን ማለት ተጨማሪ ክፍል ነው፦ አንዱ ቅጽ ይሠራል፣ አንዱ ምስል ያንሸራትታል፣ አንዱ ጎብኚ ይቆጥራል። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው በአንድ ሳምንት የመሥሪያ ቤት ገጽ ያቆምበታል። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ10 አራቱ የሚሠሩት በዚሁ ነው። የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች፣ ጋዜጦች፣ ዕርዳታ ድርጅቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖች ድረ ገጽ ቢገለጥ ያው ነው። ዋናው ፕሮግራም እየጠነከረ መጣ። ፕላጊኖቹን ግን የሚጽፋቸው ማንም ነው፤ ጎበዝም፣ ጀማሪም፣ በመሐል ሰልችቶት የተወም። ፓችስታክ የተባለው የጸጥታ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በዎርድፕረስ ዓለም 5,948 አዳዲስ ቀዳዳዎችን መዝግቧል። 97 በመቶው ፕላጊን ውስጥ ነው። ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ኤክስ ኤስ ኤስ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ግን የአንድ ሳምንት ታሪክ ነው፤ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም።

ያን ሳምንት ታስታውሱታላችሁ። በሊቢያ የታረዱት ወገኖቻችን ቪዲዮ የወጣው ሚያዝያ 11 ነው፤ አገር ለቅሶ ላይ ነበር። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 12፣ በሌላው ዓለም ሱኩሪ የተባለ ኩባንያ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጄትፓክ፣ የዮስት ፕላጊኖች፣ ግራቪቲ ፎርምስ፣ ኒንጃ ፎርምስ፣ አፕድራፍትፕላስ... እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች የጻፏቸው እጅግ ታዋቂ ፕላጊኖች ሁሉም አንድ ዓይነት ቀዳዳ ተገኘባቸው። አንድ ሌባ በአንድ ሌሊት አሥር ቤት አልሰበረም፤ አሥሩ ቤት በሩን የሠራው አንድ ሥዕል አይቶ ነው። ሥዕሉ ምን ነበር? የዎርድፕረስ የራሱ መመሪያ። በአድራሻ መስመር ላይ ነገር የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሁለት የታወቁ መሣሪያዎች አሉ። መመሪያው ውጤታቸው ከመታየቱ በፊት መጣራት እንዳለበት በግልጽ አልተናገረም፤ ፕሮግራመሮቹ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ያጣራል ብለው አሰቡ። መመሪያውን እያነበበ ለዓመታት የጻፈ ሁሉ ተሳሳተ። ስንፍና አልነበረም፤ መመሪያ የሚያነቡት ጎበዞቹ ናቸው። ደግነቱ አዘጋጆቹ ወሬው ሳይወጣ ተጠራርተው፣ ማስተካከያውን በአንድ ቀን አብረው ለቀቁ። እንዲህ ያለ መደማመጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሳምንቱ ገና አላለቀም። ዮኮ ፒኖነን የተባለ የፊንላንድ ተመራማሪ ሌላ ነገር ይዞ ብቅ አለ፤ ይሄኛው ዋናው ዎርድፕረስ ውስጥ ነው። ከ64 ኪሎባይት የሚበልጥ አስተያየት ከተጻፈ ዳታቤዙ ሞልቶብኝ ብሎ ጅራቱን ይቆርጠዋል። ሲቆርጠው ግን በሩ ላይ ተፈትሾ ያለፈው ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል፤ መዝጊያ ቅንፉ ተቆርጦ ይቀርና ቃል የነበረው ትእዛዝ ይሆናል። (ለጨዋታ ያህል፦ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ልኩ 21,845 ፊደል ነው። የእኔን ጽሑፍ ረዘመ የምትሉ፣ ገና ነኝ።) ያን አስተያየት የድረ ገጹ ኃላፊ ላንብበው ብሎ ሲከፍት ትእዛዙ በእሱ ሥልጣን ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ትእዛዙ የሚሠራው በከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። እኔ ብከፍተው የእኔን ያህል ይጎዳል። የአክስቴ ልጅ ብትከፍተው የሞላችውን ቅጽ ሊሰርቅ ይችላል። ኃላፊው ሲከፍተው ግን የቤቱ ቁልፍ ነው የሚወሰደው። ላይትስፒድ ካሽ የተባለው፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጽ ላይ የተጫነ ፕላጊን ላይ የሆነው ይህ ነው። ቀዳዳው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ተደፍኖ ነበር። ያላደሱት ግን በ2024 ጸደይ የድጋፍ ሠራተኛ የሚመስል ስም ያለው አዲስ አስተዳዳሪ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። ፖፕአፕ ቢልደር በተባለው ሌላ ፕላጊን በኩል ደግሞ ባላዳ ኢንጀክተር የተባለው ዘመቻ በ2024 መግቢያ ከ6,000 በላይ ድረ ገጾችን ነክቷል። ጎብኚን ወደ ሐሰተኛ ሽልማትና ማጭበርበሪያ መንዳት የዚህ ዘመቻ የዓመታት ሥራ ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። የእኛ ሰው «ድረ ገጽ ተጠለፈ» ሲባል የሚያስታውሰው ሰኔ 2012ን ነው። የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩ፣ ራሱን ሳይበር ሆረስ ብሎ የሚጠራ የግብፅ ወጣቶች ቡድን ከደርዘን በላይ የመንግሥት ድረ ገጾችን ገጽታ ቀየረ። ማጭድና ጎራዴ የያዘ የፈርዖን አጽም ለጠፉበት። ኢንሳም ሳይበር ሆረስን፣ አኑቢስ ሃከርንና ሴኪዩሪቲ ባይፓስድን በስም ጠርቶ፣ የከፋ ጥቃት ማክሸፉን ገለጸ። ዜናው ብዙ ቀን ተወራ። አትሳሳቱ፣ አስደንጋጭ ነበር። ግን አጽም የለጠፈ ጠላት ቢያንስ መምጣቱን ነግሮሃል፤ ገጹን ያየ ሁሉ ያውቃል፣ በማግሥቱ ይጠገናል። የሚያስፈራኝ አጽም የማይለጥፈው ነው።

ሌላም ታሪክ አለን። በኅዳር 2010 የካናዳው ሲትዝን ላብ ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የቪዲዮ ሊንክ በኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ሊንኩ የታወቀ የኤርትራውያን ቪዲዮ ገጽን የሚመስል ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አድሱ ይላል፤ ያደሰ ሰው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን ስለላ ፕሮግራም ይጭናል። ጥናቱ ድርጊቱን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል። ይሄ ኤክስ ኤስ ኤስ አይደለም። ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው፦ እነዚያ ሰዎች ሐሰተኛ አድራሻ መግዛት ነበረባቸው። የእውነተኛው መጨረሻ ዶት ኮም፣ የሐሰተኛው ዶት ኔት። ያስተዋለ ሰው ሊያመልጥ ይችል ነበር፣ ያመለጠም አለ። እኛም ለዓመታት ስንመክር የኖርነው «አድራሻውን አይታችሁ ክፈቱ» እያልን ነው። እውነተኛው ገጽ ራሱ ቀዳዳ ካለው ግን ይህ ምክር ዋጋ የለውም። የሚታይ ልዩነት የለም።

ሶዶ ስለ ተጨመረ ጽሑፍ የቆየ ቁስል ያላት ከተማ ናት። በ1992 ዓ.ም «ወጋጎዳ» የተባለ፣ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛን ቀላቅሎ የተሠራ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ትምህርት ቤት ገባ። መምህራኑ አንቀበልም አሉ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያኔ መጽሐፉ የመንግሥት ማህተም ነበረው። ግን ማንም ወላጅ ገልጦ «ይሄ የእኛ አይደለም» ማለት ይችል ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ይታያል። የአሁኑ ጭማሪ አይታይም። መምህሩም፣ ወላጁም፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ገጹን ቢያዩት ያው የለመዱት ገጽ ነው።

ከጥር 2015 ሕዝበ ውሳኔና በወላይታ በዚያው ዓመት ሰኔ ከተደገመው ድምፅ በኋላ፣ በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። መቀመጫው በስድስት ከተሞች የተከፋፈለ ነው፦ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ፣ ካራት። ቢሮ በከተማ ሲበተን ባለጉዳይ ወይ ይሳፈራል፣ ወይ ስልኩን ያወጣል። ከካራት ሶዶ ድረስ ለአንድ ማስታወቂያ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ድረ ገጹ በር ሆኗል። በሩን ማን ሠራው?

ወዳጄ ልጁ ይህን ሥራ ሠርቶ ስለሚያውቅ ነገረኝ። ጨረታ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ግንቦት ሰኔ ላይ። አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ዝግጁ ገጽታ ያወርዳል፣ አሥራ አምስት ሃያ ፕላጊን ይጭናል፣ ርክክብ ይፈረማል፣ ገንዘቡን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያንን ገጽ የሚያድስ የሥራ መደብም፣ በጀትም የለም። ለመኪናው የዘይት መቀየሪያ በጀት አለ፤ ለድረ ገጹ የለም።

የባሰም አለ። ጥሩ ፕላጊኖች በዶላር ይገዛሉ። የሶዶ ልጅ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከየት ያመጣል? ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ የተሰበረውን ያወርዳል፤ «ነልድ» ይሉታል። ከፍሎ የሚገኘው ፕላጊን ነው፣ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ ይለቀቃል። የተሰበረ ፕላጊን በራሱ አይታደስም፤ ቀዳዳው በዓለም ሁሉ ሲደፈን የእኛው ክፍት ይቀራል። ይህም ገር ከሆነ ነው። ዎርድፌንስ የተባለው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ደብሊውፒ ቪሲዲ ስለተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ሲጽፍ፣ የተዛመተው በእነዚሁ በተሰበሩ ፕላጊኖች ውስጥ ተሸጉጦ መሆኑን አሳይቷል። ባለቤቱ በገዛ እጁ ነው የሚጭነው። ልጁን ሌባ ብሎ መስደብ ይቀላል። እኔ ግን በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ያወጣውን፣ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ይሁን ብሎ ውሉ ላይ ያልጻፈውን ነው ቀድሜ የምጠይቀው።

«ታዲያ ቀዳዳውን ካየህ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። ሳቀብኝ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። መቅጣቱ ተገቢ ነው። ግን በቅን ልቦና አይቶ ለሚጠቁም ሰው የተለየ ከለላ አዋጁ ውስጥ የለም። በሌላ አገር ያየኸውን የምትጠቁምበት አሠራር ተዘርግቶ፣ አንዳንዴም ሽልማት አለው። እዚህ «አንተ እንዴት አየኸው?» የሚለው ጥያቄ ነው ቀድሞ የሚመጣው። ልጁ እናቱን ይጦራል። ቢተወው አልፈርድበትም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የያዘ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የአክስቴ ልጅ የፋይዳ ቁጥርም መረጃ ነው። ሁለቱ አዋጆች ሲገናኙ ግን ጠባቂው ዝም ብሎ፣ ጠቋሚው ፈርቶ ይቀራል።

ስለዚህ እኔ ደወልኩ። ጋዜጠኛ ነኝ፣ የገጹን ምንጭ ማየት ደግሞ መግባት አይደለም። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች። ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አስተያየት መስጫው፣ የውርርዱ ገጽ፣ ቅጽ የሚሞሉት ሥራ ፈላጊዎች። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ወንድሜ፣ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን እንዲህ በስልክ አንቀበልም። ጥቆማውን በደብዳቤ አድርገው፤ የመሥሪያ ቤትህ ማህተም ይኑረው።»

በግሌ የምሠራ መሆኔን፣ ማህተም እንደሌለኝ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ ካልሆነ በድረ ገጹ አስተያየት መስጫ ላይ እንድጽፈው መከረችኝ።